የብዙ ቀን ሥልጠናን በዲጂታል ካላንደር መያዝና የሚከፈልበትን ሰዓት መቁጠር፦ ችግርና መፍትሔ

በባሕር ዳር ሥልጠና የሚሰጡ፣ አውደ ጥናት የሚያስተባብሩ፣ በስብሰባ ላይ የሚያስተረጉሙ ወይም እንግዳ ይዘው በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቀጠሯቸውን በስልካቸው ጉግል ካላንደር ወይም አውትሉክ ላይ ይይዛሉ፤ ክፍያቸውንም በሰዓት አስልተው ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ሒሳብ ሲዘጋጅ ቢሆንም፣ የሚፈጠሩት ግን ቀጠሮው በተመዘገበበት ዕለት ነው። ለምሳሌ ያህል ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም ከጃንዋሪ 12 እስከ 16 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.፣ በሐይቁ ዳር በሚገኝ ሆቴል የሚሰጥ ሥልጠናን እንውሰድ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3፡00 ይጀምራል፤ ከቀኑ 6፡30 እስከ 8፡00 ለምሳ ይቋረጣል፤ 11፡00 ላይ ያበቃል።

የአምስት ቀን ሥራ 104 ሰዓት ሆኖ ሲገኝ

እንደ ቶግል ወይም ክሎኪፋይ ያለ የሰዓት መቁጠሪያ ከካላንደሩ ጋር ሲገናኝ ይህን ሥልጠና 104 ሰዓት አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። መንስኤው ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት ተጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚያበቃ አንድ ቀጠሮ ተደርጎ መመዝገቡ ነው፤ መሣሪያው አራቱን ሌሊቶችና የምሳ ሰዓቶቹን ሁሉ ጨምሮ ይቆጥራል። በትክክል የተሠራው በቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 32 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ጉግል ካላንደር ከ24 ሰዓት የሚረዝመውን ቀጠሮ እንደ ሙሉ ቀን ዝግጅት በገጹ አናት ላይ በረጅሙ ስለሚያሳየው፣ ስሕተቱ በዓይን ሲታይ ትክክል ይመስላል።

መፍትሔው ቆይታውንና ሥራውን ለያይቶ መመዝገብ ነው። ቆይታው ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚዘልቅ የሙሉ ቀን ዝግጅት ይሁን፤ ሁኔታውም «ነጻ» በሚለው ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ምሽት ላይ ሌላ ቀጠሮ መያዝ የሚፈልግ ሰው ሳምንቱን በሙሉ እንደተያዘ ያየዋል። ሥራው ደግሞ የጠዋትና የከሰዓት በኋላ ተብሎ በሁለት ቀጠሮ ይመዝገብ፤ ሁለቱም በየቀኑ የሚደገሙና ከአምስት ጊዜ በኋላ የሚያበቁ ይሁኑ። ሒሳብ የሚሠራው ከእነዚህ ብቻ ነው። ረቡዕ የመስክ ጉብኝት ተጨምሮ ሰዓቱ ቢለወጥ፣ ማስተካከያው ለዚያ ቀጠሮ ብቻ እንዲሆን ይምረጡ፤ «ይህና ቀጣዮቹ» የሚለው ምርጫ ሐሙስንና ዓርብንም ይለውጣል። የምሳን ሰዓት በመጨረሻ ከድምሩ ላይ መቀነስ ይቀላል የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ግን አያዋጣም፤ ምሳው ዘግይቶ በወጣበት ቀን ምን ያህል እንደተሠራ ለደንበኛው የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም።

የመጨረሻው ቀን ሲጎድል

መርሐ ግብሩ ማብቂያው ጃንዋሪ 16 ተብሎ በአይካላንደር (.ics) ፋይል ተዘጋጅቶ ወደ ካላንደር ሲገባ ሥልጠናው ሐሙስ ላይ ያበቃል። ካላንደሮች የሚለዋወጡበት የአይካላንደር ደንብ የሙሉ ቀን ዝግጅትን የማብቂያ ቀን ከዝግጅቱ ውስጥ አይቆጥረውም። ስለዚህ በፋይሉ ላይ ማብቂያው ጃንዋሪ 17 ተብሎ ይጻፍ። በስልኩ ገጽ ላይ በእጅ ሲመዘገብ ግን 16 ማለት ይበቃል።

ማስታወሻው ሌሊት ሲጮኽ

«3 ሰዓት» ተብሎ በቃል የተነገረ ቀጠሮ በስልኩ ላይ 3፡00 ተብሎ ሲገባ ስልኩ የሚረዳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት የተባለውም ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስልኩ 24 ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ ጠዋትንና ማታን ከማምታታት ያድናል። ከዚያም በቀን ሰዓት ላይ 6፣ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ ደግሞ 18 እየደመሩ ያስገቡ፤ በቀጠሮው ርዕስ ላይ ግን «ጠዋት 3፡00» ብለው በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ተጋባዦቹ የሚያነቡት ርዕሱን ነውና።

የስልካቸውን ሰዓት በእጅ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ግብዣ ሁሉ ቦታውን ይስታል፣ አንዳንድ ድረ ገጾችም የደኅንነት ስሕተት አለ ብለው አይከፈቱም። የሰዓት ቀጠናውን የቦነስ አይረስ ማድረግ የተሻለ ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑ የሚለወጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሚሆን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሠራ የሪፖርት ሥራ በዋዜማው ቀን ይመዘገባል። ቀጠናው የአዲስ አበባ ሆኖ ይቆይ።

ሳምንታዊው የውይይት ሰዓት ሳይነካ ሲለወጥ

በርሊን ያለ ደንበኛ በእሱ አቆጣጠር 10፡00 ላይ የያዘው ውይይት በክረምታቸው ባሕር ዳር ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ግን 5 ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮው የሚከተለው የፈጠረውን ሰው ቀጠና ነው፤ እነርሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። በ2026 ቀኖቹ ማርች 29 እና ኦክቶበር 25 ናቸው። በየጊዜው በእጅ ከማረም ይልቅ የማን ሰዓት እንደማይነቃነቅ አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ የእርስዎ ከሆነ ቀጠሮውን እርስዎ በአዲስ አበባ ቀጠና ይፍጠሩት።

በዓሉ በአንድ ቀን ሲዛነፍ

ከምሳሌያችን ሥልጠና ቀጥሎ የሚመጣው ሰኞ ጥር 11፣ ጥምቀት ነው፤ ስለዚህ ሥልጠናው በአንድ ቀን ይራዘም የሚል ጥያቄ ቢመጣ ካላንደሩ በዓሉን ማሳየት አለበት። ጃንዋሪ 19 ላይ በየዓመቱ እንዲደገም ማድረግ ግን አያስተማምንም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ጥር 11 በጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። እንቁጣጣሽና መስቀልም በዚያው ዓመት ወደ ሴፕቴምበር 12 እና 28 ይሸጋገራሉ፤ ገና ግን ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም። በዓላቱን በየዓመቱ ከአገር ውስጡ የቀን መቁጠሪያ እያዩ ያስገቡ።

የኤክሴል ድምር 8፡30 ሲል

ድምሩ 24 ሰዓት ሲያልፍ የተለመደው የሰዓት ቅርጸት ሙሉውን ቀን ጥሎ ትርፉን ብቻ ያሳያል፤ 32፡30 የነበረው 8፡30 ይሆናል። በቅርጸቱ ላይ ሰዓትን የሚወክለውን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ([h]:mm)፣ በጉግል ሺትስ ደግሞ «ዱሬሽን» የሚለውን ቅርጸት መምረጥ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ወጥመድ ገንዘቡ ላይ ነው። ኤክሴል ሰዓትን የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሚይዝ፣ በሰዓት 800 ብር የሚከፈልበት ሥራ በቀጥታ ሲባዛ 1,083 ብር ከ33 ሳንቲም ይሰጣል። ድምሩን በ24 ካበዙ በኋላ በ800 ሲያበዙት ትክክለኛው 26,000 ብር ይወጣል።

ቆጣሪው ሥራን ሲሰርዝ፣ ጉዞን ሲያስከፍል

በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ቆጣሪዎች ቁልፍና ማውስ ካልተነኩ «ሥራ ቆሟል» ብለው ጊዜው እንዲቀነስ ይጠይቃሉ። ይህ ለጸሐፊ ይጠቅማል፤ አዳራሽ ፊት ቆሞ ለሚያስተምር ግን የሠራውን ያስጠፋዋል። አሠልጣኝ ይህን ተግባር አጥፍቶ የየክፍለ ጊዜውን መጀመሪያና መጨረሻ በዚያው ምሽት በእጁ ቢያስገባ ይሻለዋል።

የተገላቢጦሹ ችግር በጀልባ ላይ ይታያል፤ ቆጣሪው ሳይቆም ተረስቶ የመሻገሪያውና የመመለሻው ጊዜ ሁሉ እንደ ሥልጠና ይቆጠራል። «ሥልጠና»፣ «ጉዞ» እና «ጥበቃ» የሚሉ ሦስት መለያዎችን አስቀድመው ይፍጠሩ፤ ጉዞና ጥበቃ በሙሉ፣ በግማሽ ወይም ያለ ክፍያ ይታሰቡ እንደሆነም ከመነሳትዎ በፊት ከደንበኛው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ቢዘገይ፣ የቆዩበት ጊዜ ከነምክንያቱ «ጥበቃ» በሚለው ሥር ይግባ።