በዕለት ተዕለት ኑሮ መንፈሳዊ ጤንነትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ብዙ ክርስቲያኖች የመንፈሳዊ ሕይወታቸውን ሁኔታ የሚለኩት በስሜታቸው ነው፤ ሲጸልዩ ልባቸው ከተነካ ደኅና እንደሆኑ፣ ካልተነካ ደግሞ ከእግዚአብሔር እንደራቁ ይሰማቸዋል። ስሜት ግን በእንቅልፍ ማጣት፣ በሕመምና በሥራ ጫና ስለሚለዋወጥ ብቻውን አያስተማምንም። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 5፥22-23 የመንፈስ ፍሬ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ ቸርነትና የዋህነት በተግባር የሚታዩት ከሌሎች ጋር ስንኖር ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ባለፈው ሳምንት አብረውዎት ለሚኖሩ ሰዎች እንዴት እንደተናገሩና ያስቀየመዎትን ሰው እንዴት እንደያዙት ያስቡ።

ቀጥሎ የጸሎት ሰዓትና ቦታ ይወስኑ። ዳንኤል በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ ጌታችንም ማለዳ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ እንደጸለየ በማርቆስ 1፥35 ተጽፏል። ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ሳምንት የሚተው የአንድ ሰዓት ዕቅድ ከማውጣት ይልቅ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ አጭር ጊዜ ይሻላል። ስልክዎን ሌላ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡ፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ እንደማይበቃ የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል።

ለንባብ የማርቆስ ወንጌል ጥሩ መነሻ ነው፤ 16 ምዕራፎች ስላሉት በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው በሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አንዴ ካነበቡ በኋላ አጭር ክፍል መርጠው ቀስ ብለው ይድገሙትና ያንኑ ክፍል ወደ ጸሎት ይለውጡት። የራስዎ ቃል ሲያጥርዎት መዝሙረ ዳዊትን ይጠቀሙ፤ በዚያ ውስጥ ምስጋና ብቻ ሳይሆን «እስከ መቼ» የሚል ግልጽ አቤቱታም ስላለ፣ ያዘነ ሰው የደስተኛ መልክ ይዞ እንዲጸልይ አይገደድም።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ማታ ራስን መመርመር ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ካቶሊካዊው ቄስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን የየዕለት ልምምድ አድርጎ አስተምሯል። በመጀመሪያ ስለ ቀኑ ያመስግኑ፤ ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል ያስታውሱና የሚናዘዙትን አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ኑዛዜዎ በተቻለ መጠን ያደረጉትን ለይቶ የሚጠራ ይሁን። «ጌታ ሆይ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት እውነት ቢሆንም የሚታረመውን ነገር አያሳይም፤ «ዛሬ በስብሰባው ላይ የሥራ ባልደረባዬን ሆን ብዬ ንግግሩን አቋረጥሁት፣ ምክንያቱም ሐሳቡ ከእኔ ሐሳብ ይሻል ነበር» ያለ ሰው ግን ቅናቱን በስሙ ጠርቶታል፣ ነገ ከምን መጠንቀቅ እንዳለበትም ያውቃል። በተፈጥሮው ራሱን አብዝቶ የሚኮንን ሰው ምርመራውን ያሳጥረው፤ የሚያስጨንቀውንም ነገር ብቻውን ከመሸከም ለነፍስ አባቱ ወይም ለመጋቢው ይንገር።

ምርመራው የበደሉትን ሰው ካሳየዎት በጸሎት ብቻ አይለፉት። በማቴዎስ 5፥23-24 መባ ይዞ የመጣ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ታዟል። ይቅርታ ሲጠይቁ ያደረጉትን በግልጽ ይናገሩ፣ «ግን አንተም» የሚለውን ሐረግ ይተዉት፣ ወዲያው ይቅር እንዲልዎትም አይጫኑት። ከምእመናን ጉባኤ አለመለየት የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው፤ ብቻውን የሚኖር እምነት የሚያርመው አያገኝም።

ጸሎት ደርቆ የሚቆይበት ጊዜም ይመጣል። በዚህ ጊዜ የተወሰነውን ሰዓት ማክበርዎን ይቀጥሉ፤ ነገር ግን አካልዎንም ይመልከቱ። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር ያቀረበለት፤ ነቢዩ በልቶ ተኛ፣ እንደገናም በላ፣ ወደ ኮሬብ የተጓዘውም ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ተስፋ መቁረጡም ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ጸሎቱን ሳይተዉ ሐኪም ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠብቁ ለቅርብ ሰው ይንገሩና ወደ ሕክምና ይሂዱ።