ሰመር ካምፕ አዲስ ካምፓስ ሲገባ ምን ምን ይሰራል

ካምፓችሁ የለመደውን ቦታ ለቆ ኮሌጅ ወይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊገባ ነው እንበል። ዶርም አለ፣ ካፌ አለ፣ ሜዳው፣ ላብራቶሪው፣ አዳራሹ ሁሉ አለ፣ ሰውም አይቶ "በቃ ምን ቀረው፣ ዕቃ ይዞ መግባት ነው" ይላል። እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ካምፓስ የተሰራው ቁልፉን ራሱ ለሚይዝ፣ ሲያመው ራሱ ክሊኒክ ለሚሄድ ትልቅ ሰው ነው፣ ማታ ለሽንት ተነስቶ የወጣበት በር ለሚጠፋው የ9 ዓመት ልጅ ማንም አስቦ አልሰራውም። ስለዚ ዋናው ስራ ግቢውን በልጅ ቁመትና በልጅ እርምጃ እንደገና ማየት ነው፣ ዕቃ ማጓጓዙ እኮ የሁለት ቀን ጉዳይ ነው።

በእግር ዙሩት፣ ደግሞ በሰዓቱ

የግቢውን ካርታ ዘርግታችሁ ፕሮግራም አታውጡ። ካርታው ላይ ከዶርም እስከ ካፌ ያለው መንገድ ጣት የምታህል መስመር ናት፣ 20 ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ግን የአንዱ ጫማ ክር ይፈታል፣ አንዷ ኮዳዋን ረስታ መመለስ ትፈልጋለች፣ ሁለቱ ድመት አይተው ቆመዋል። እኔ ብቻዬን ስሄድ የሚፈጅብኝን ደቂቃ በሁለት አባዝቼ ነው ፕሮግራም ውስጥ የማስገባው፣ ለትንንሾቹ ከዛም ትንሽ እጨምራለሁ። ስታፉ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ግን ሳይሯሯጥ ቁርስ የደረሰ ግሩፕ ቀኑን ሙሉ ረጋ ብሎ ነው የሚውለው።

ከተቻለ ጠዋት ልጆቹ በሚነሱበት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ስትመታ፣ እና ማታ ከመኝታ ሰዓት በኋላ ዙሩት። የማታው ነው ዋናው። የትኛው መብራት እንደማይሰራ፣ የትኛው በር ሰዓቱ ሲደርስ ራሱን እንደሚቆልፍ (የበሮቹ ሰዓት በእረፍት ወር ከትምህርት ወር ሊለይ ይችላል)፣ የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራ ከሆነ ጨለማ የሚፈራ ልጅ በሩን ሲከፍት ምን እንደሚጠብቀው፣ ይሄ ሁሉ ቀን ላይ አይታይም። ደግሞ ውል ከሚፈርመው ቢሮ ሰው ጋር ብቻ አትዙሩ፣ ከጥገና ክፍል አንድ ሰው ለምናችሁ አስመጡ። የቢሮው ሰው ዋጋውን ያውቃል፣ የጥገናው ሰው ግን የትኛው ሻወር ወደ ኮሪደር እንደሚያፈስ ያውቃል።

ሜዳ ላይ ስትደርሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ልጅ ህንፃ ውስጥ መግባት አለበት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም፣ ይሄ የታወቀ ህግ ነው። ሜዳው አጠገብ ትልቅ ህንፃ ስላለ ብቻ ግን እንዳትዘናጉ፣ ቅዳሜና እሁድ የተቆለፈ ከሆነ ወይ የናንተ የበር መክፈቻ ካርድ የማይከፍተው ከሆነ መጠለያ አይደለም፣ ግድግዳ ነው። ካርዳችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ በሩን ሞክሩት።

ስለ ውሉ ብዙ አልልም፣ ጠበቃና ኢንሹራንስ የሚያይላችሁ ሰው ይኖራል። ሶስት ጥያቄ ግን መልሱ በፅሁፍ ይሁን። በዛ ጊዜ ግቢው ውስጥ ሌላ ማን አለ፣ ስብሰባ የመጣ እንግዳ ወይ የሰመር ተማሪ ከናንተ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ያድራል ወይ? ምን እድሳት ታስቧል? (ካምፓስ ጣራ የሚቀይረው፣ አስፋልት የሚጠግነው፣ ፋየር አላርም የሚፈትሸው ተማሪ በሌለበት፣ ማለትም እናንተ በምትገቡበት ወር ነው።) ማስተር ቁልፍስ ማን ማን እጅ ላይ አለ፣ ፕሮክተሩም ሆነ የፅዳት ሰራተኛው ሳያስታውቅ ክፍል ይገባል ወይ? "ኧረ ችግር የለም" መልስ አይደለም።

ዶርሙ

ቁልፍ የተረከባችሁ ቀን እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ቪዲዮ ቅረፁ፣ የተሰበረ መሳቢያ፣ የተፋቀ ግድግዳ፣ የጎደለ የመጋረጃ ዘንግ ሁሉ ይግባ፣ ለኋላ ሂሳብ ይጠቅማል።

ከዛ ውሃው። ዶርም ተማሪ ከወጣ በኋላ ለሳምንታት ባዶ ይቀመጣል፣ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ያራባል፣ በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይመቸዋል፣ ሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከሻወር የሚነሳውን ጭጋግ የመሰለ ውሃ ሲተነፍስ ነው። ስለዚ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ቀዝቃዛውም ሙቁም ቧንቧ፣ ሻወሩም ሳይቀር ተከፍቶ በደንብ መፍሰስ አለበት። ስራው የካምፓሱ ነው፣ ግን መቼ እንደተሰራ ጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ የሚጋጭ ነገር አለ፣ ባክቴሪያው እንዳይራባ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይመከራል፣ 60 ዲግሪ ውሃ ግን ቆዳ ላይ በ5 ሴኮንድ ገደማ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። መፍትሄው ሻወሩ ጋር ሲደርስ ከቀዝቃዛ ጋር የሚቀላቅል ቫልቭ ነው፣ 49 ዲግሪና ከዛ በታች ሲሆን ለመቃጠል ደቂቃዎች ይወስዳል። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ግቡና ለኩት፣ የሚያፍር ይፈር።

አልጋ ላይ ስትመጡ ተደራራቢ ከሆነ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛም። ለሌሎቹም ላይኛው አልጋ በሁለቱም በኩል መከላከያ ይኑረው፣ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ። ብዙ ሰው የማያየው ነገር ወፍራም ፍራሽ ሲደረግበት መከላከያው አጥሮ እንደሚቀር ነው፣ ብረቱ አለ፣ ጥቅሙ ግን የለም። አልጋዎቹን አንዱን ራስጌ ሌላውን ግርጌ እያደረጋችሁ ደርድሩ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ፊት ላይ እንዳይሆን። ትኋንም ሳትፈትሹ ሻንጣ አልጋ ላይ አታሳርፉ፣ የፍራሹን ስፌት ግለጡ፣ ያደገ ትኋን 5 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ በዓይን ይታያል፣ ባይገኝ እንኳን ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል።

መስኮት ከምድር ቤት በላይ ከሆነ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት ማገጃ ይደረግለት። የወባ ትንኝ መረቡ ትንኝ ይከለክላል እንጂ ልጅ አይይዝም።

የክፍል ድልድል ላይ የራሴ አመለካከት አለኝ። ብዙ ቦታ የግሩፕ መሪዎችን አንድ ጥግ ላይ አብረው ያስተኛሉ፣ ማታ እንዲጫወቱ ነው መሰለኝ። እኔ መሪውን ደረጃው አፍ ላይ ወይ ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው የማስቀምጠው፣ ማታ የሚነሳ ልጅ የግድ በሱ በር እንዲያልፍ። የልጆችና የአዋቂዎች ሻወር ይለያል፣ ህንፃው ካልፈቀደ ሰዓቱ ይለያል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም፣ ነርስም ብትሆን በሩ ገርበብ ይላል። ይሄ ህግ ስታፉንም ነው የሚጠብቀው፣ የሚከፋው ካለ እንደዛ ብላችሁ አስረዱት።

ግቢው የናንተ ብቻ አይደለም

የድሮው ቦታ ላይ የማታውቁት ሰው ካያችሁ ወዲያው ትጠይቁት ነበር፣ ካምፓስ ላይ ግን የማታውቁት ሰው ሙሉ ቀን በአጠገባችሁ ያልፋል፣ መብቱም ነው። ስለዚ የልጆቹ ቲሸርት ከሩቅ የሚለይ አንድ ቀለም ይሁን፣ የስታፉም የራሱ ሌላ ቀለም። የልጁን ስም ግን ደረቱ ላይ በትልቁ አትፃፉ፣ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ልጅ የሚያውቀው ይመስለዋል። ከውጪ የካምፑ ስምና ስልክ ይበቃል፣ የሱ ስም ከውስጥ በኩል። የጋራ ሽንት ቤት ላይ ደግሞ ሶስት ሶስት ሆነው ይሂዱ፣ መሪው መጀመሪያ ገባ ብሎ ይይ።

አምቡላንስ ስትጠሩ የካምፓሱን ስም መንገር አይበቃም፣ በሩ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም የሚከፈተው በስራ ሰዓት ብቻ ነው። በየህንፃው መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፣ የህንፃው ስምና ቁጥር፣ ቅርቡ የመኪና በር የትኛው እንደሆነ፣ የግቢው ጥበቃ ስልክ፣ የናንተ ተረኛ ስልክ። ጥሪ ሲደረግ አንድ ሰው ወዲያው በሩ ላይ ሄዶ ይቁም። ልጅ ከጠፋ ደግሞ ፍለጋው የሚጀምረው ከውሃ ነው፣ ገንዳ ካለ፣ ፏፏቴ ካለ፣ ኩሬ ካለ መጀመሪያ እዛ ሰው ይላክ፣ ክፍሉና ቁም ሳጥኑ ከዛ በኋላ።

የእሳት ልምምድ ልጆቹ በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ። የዶርም አላርም እንደ ቤት አይደለም፣ ዲኦዶራንት ስፕሬይ ወይ የሻወር እንፋሎት ሊያስነሳው ይችላል፣ በሌሊት በውሸት አላርም መውጣታችሁ ስለማይቀር ልጆቹ ድምፁን ቀን ላይ ቀድመው ይስሙት። ስም የሚጠራው ከወረቀት ይሁን፣ ስልክ በሌሊት ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀረው።

መድሃኒት ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ። ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን ግን ፍሪጅ አይገባም፣ ክሊኒክም ተቆልፎበት አይቀመጥም፣ ልጁ ካለበት ግሩፕ ጋር በመሪው ቦርሳ አብሮ ይዞራል። በትንሽ ግቢ ሮጦ ማምጣት ይቻል ይሆናል፣ ካምፓስ ላይ ክሊኒኩ ሌላኛው ጫፍ ነው። ካፌውም ራስህ አንሳ ከሆነ አንዱ ማንኪያ ከኦቾሎኒው ሳህን ወደ ሌላው ሲዛወር ማንም አያይም፣ ስለዚ አለርጂ ያለበት ልጅ ቀድሞ ይነሳለት ወይ ከኩሽና ለብቻ ይውጣለት። ይሄን ከዋናው ሼፍ ጋር በአካል ተነጋገሩ፣ ኢሜይል ብቻ አትላኩ።

ካምፕ እንዲመስል

አዲስ ልጆች ቦታውን እንዳገኙት ይቀበሉታል፣ የሚያወዳድሩት ነገር የላቸውማ። የሚያስቸግረው የቆዩት ናቸው፣ የነሱ ዛፍ፣ የነሱ ድንጋይ፣ ስማቸውን የፃፉበት እንጨት እዛ ቀርቷል። እነሱን ከሌላው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አስገቧቸውና ስራ ስጧቸው፣ ኮሪደሮቹን ይሰይሙ፣ የየግሩፑን መሰብሰቢያ ደረጃ ወይ ዛፍ ይምረጡ፣ ለአዳዲሶቹ መንገድ ያሳዩ። ያለቀ ስም ለጥፋችሁ ብትጠብቋቸው አይጠሩበትም።

ስታፉ ደግሞ ልጅ ፊት "የድሮው ቦታ እኮ..." ማለት ያቁም። በማታ በሰራተኞች ስብሰባ የፈለጉትን ያልቅሱ።

የእሳት ዙሪያ ጨዋታ ካላችሁ ካምፓሱ እሳት ላይፈቅድ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ጥበቃ ከቆመ በብረት ምድጃ ይፈቅዳል። ካልፈቀደ በፕላስቲክ ነበልባል አታስመስሉት፣ ልጆች ይስቁባችኋል። ሰፋ ያለ የድንጋይ ደረጃ ፈልጉ፣ ሲመሽ እዛ ላይ ዘፈኑን ዝፈኑ፣ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ካለ ጭራሽ ያምራል። ግድግዳ ላይ ሚስማር ስለማይፈቀድ ከጨርቅ የተሰራ ባነር ይሻላል፣ በገመድ ይንጠለጠላል፣ ተጣጥፎም ይሄዳል።

የቤት ናፍቆት ላይ ቱርበርና ዋልተን የተባሉ ባለሙያዎች በ2007 ለአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች አካዳሚ የፃፉት መመሪያ አለ፣ ከሱ ለወላጅ የማስተላልፈው አንዱ ነገር "ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ" ብላችሁ ቃል አትግቡ የሚለው ነው፣ ልጁ ለመልመድ መሞከሩን ትቶ መኪናውን መጠበቅ ይጀምራል። ቦታው ለሁሉም አዲስ በሆነበት ዓመት ይሄ በጣም ይሰራል። በተጨማሪ የክፍሉን፣ የሽንት ቤቱንና የካፌውን ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩ፣ ባዶና ያልተዋበ ፎቶ ይሁን፣ ልጁ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ። የመግቢያውን ቀን በግሩፕ ከፋፍላችሁ ሰዓት ስጡ፣ አለበለዚያ ሁሉም ወላጅ አንድ በር ላይ መኪናውን አቁሞ አንድ ሊፍት ይጠብቃል።

በሶስተኛው ቀን ማታ ስታፉን ሰብስባችሁ ፕሮግራሙን አስተካክሉ፣ የትኛው መንገድ ረዘመ፣ የትኛው ክፍል ሞቀ፣ ማን እንቅልፍ አጣ። ከዛ በፊት ብትነኩት ገና አልለመዱትም፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ሁሉም መጉላላቱን ተቀብሎ ዝም ይላል። ከካምፓሱ በኩል አንድ ሰው ስም ይሰጣችሁና በየቀኑ ጠዋት ለ10 ደቂቃ አግኙት፣ የተበላሸውን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ስጡት፣ አምስት ሰው በየፊናው ሲደውልለት ስልክ ማንሳት ነው የሚያቆመው።

ስትወጡ የገባችሁ ቀን በቀረፃችሁት ቪዲዮ እያመሳከራችሁ ከካምፓሱ ሰው ጋር ክፍል በክፍል ዙሩ፣ ቁልፍ ቆጥራችሁ አስፈርሙ፣ ትርፍ ዕቃ የምታስቀምጡበት ክፍል ይሰጧችሁ እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቁ። የሚቀጥለውንም ዓመት ቀን ሳትሰነባበቱ አስይዙ፣ የካምፓስ ካላንደር ቶሎ ይሞላል።