ጋና ለበጎ ፈቃድ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ማን ጠራችሁ?

ኩማሲ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ስድስት ወር ቆይቼ ከተመለስኩ ወዲህ "እኔም ጋና ሄጄ በጎ ፈቃድ መሥራት አምሮኛል፣ ከየት ልጀምር?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሼ የምጠይቀው ሁሌም አንድ ነው። ማን ጠራህ? አብዛኛው ዝም ይላል። ማንም አልጠራውም፣ መሄድ አምሮት ነው። ማማሩ ነውር የለውም፣ ግን እሱ ጉብኝት ይባላል። ለጉብኝት ደግሞ ጋና ግሩም አገር ናት። በጎ ፈቃድ የሚጀምረው እዚያ ያለ ሰው "ይሄን የሚሠራልን አጣን" ሲል ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። ኮምፒውተር ላስተምር ብዬ ሠላሳ ገጽ ማስተማሪያ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ስደርስ ትምህርት ቤቱ አሥራ አራት ኮምፒውተር አለው፣ የሚሠራው ሦስቱ ብቻ። የቀረውን አቧራና የመብራት መቆራረጥ ገድሎታል። የኮምፒውተር መምህር አላቸው፣ ጎበዝ ነው፣ ከእኔ በተሻለ ያስተምራል። ያጡት የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ነው። ማስተማሪያዬን ሻንጣዬ ውስጥ መልሼ ካቻቢቴ አነሳሁ። ከመሄዴ በፊት ለዚያ መምህር አንዴ ብደውል ኖሮ እኮ ከአዲስ አበባ መለዋወጫ ይዤ እሄድ ነበር።

ታዲያ የሚጠራ እንዴት ይገኛል? ለእኛ ቅርብ የሆነው በር የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ነው። ኅብረቱ ያለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ፕሮግራሙ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ ወጣቶችን ከአገራቸው ውጭ ባለ የአፍሪካ አገር ይመድባል። ጋና ጋና ስትሉ ሌላ አገር ሊደርሳችሁ ግን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም አለ፤ የመተዳደሪያ አበል ይከፍላል። አሜሪካ ሆናችሁ ዜግነት የያዛችሁ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት የሆነው ፒስ ኮር አለላችሁ። በ1961 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ልጆች የላከው ወደ ጋና ነበር። እኛ ጋ የመጡት በዓመቱ ነው። አባት እናቶቻችሁን ጠይቁ፣ ያስተማራቸው ፒስ ኮር ስሙ እስካሁን ይታወሳቸው ይሆናል።

እኔ በእነዚህ በአንዱም አልሄድኩም። አብሮኝ የተማረ ጋናዊ ጓደኛዬ ነው ከሰዎች ያገናኘኝ። ይሄኛው መንገድ የራሱ አደጋ አለው፣ ስትቸገሩ ከጀርባችሁ የሚቆም ድርጅት የለም። ክፍያ የሚጠይቁ ድርጅቶችም ሞልተዋል። ሁሉም ሌባ ነው አልልም፣ ማደሪያና ምግብ ገንዘብ ያወጣል። ግን ከምትከፍሉት ውስጥ ስንቱ እዚያ ለሚያሳድራችሁ ቤተሰብ እንደሚደርስ ጠይቁ። ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር፣ ስሄድስ ማን ይረከበኛል፣ ብታመም ማን ያሳክመኛል ብላችሁም ጠይቁ። ማድበስበስ ከጀመሩ ተዉአቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። "ለሁለት ሳምንት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይንከባከቡ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ጋና ውስጥ በማሳደጊያ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። የገቡት ቤተሰቡ ድሃ ስለሆነ ነው። መንግሥት ራሱ ልጆቹን ወደ ዘመድ ለመመለስ ዓመታት ሲለፋ ኖሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ብር የሚመጣ ከሆነ ግን ማሳደጊያው ባዶ እንዲሆን ማን ይፈልጋል? ልጁስ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ "ወንድም" እየለመደ እየተለየ ምን ሆኖ ያድጋል? ፎቶ ደግሞ፣ እባካችሁ። የራሳችሁ እህት ልጅ ሳትጠየቅ የማያውቃት ሰው ገጽ ላይ ብትወጣ ደስ ይላችኋል?

ወደ ዝግጅቱ እንሂድ። ቪዛን በተመለከተ የፌስቡክ ሰው አትስሙ። የአፍሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ደንብ ሲቀያየር ቆይቷል፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለውን የጋና ኤምባሲ ጠይቁ። ለሥራ እንደምትሄዱ አትደብቁ፣ የሚቀበላችሁ ቦታም የግብዣ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ግን ክርክር የለውም። ካርዱ ከሌላችሁ መግባት አትችሉም። ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፣ አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባን በተመለከተ "እኛም አገር አለ" ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ ለወባ እንግዳ ነው፣ ሰውነቱ አያውቃትም። ጋና ውስጥ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለች። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩና መከላከያ መድኃኒት ያዙ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ። አብሮኝ የሚያድረው መምህር ያለ አጎበር ይተኛል፣ እኔም እሱን አይቼ አንድ ሳምንት ተውኩት። ከዚያ በኋላ ያሳለፍኳቸውን አራት ቀናት ለጠላቴም አልመኝም።

ገንዘብ። ብራችሁን እዚያ የሚመነዝርላችሁ የለም፣ ዶላር ነው የሚያዋጣው። ኖቱ አዲስና ያልተቀደደ ይሁን። እዚያ እንደደረሳችሁ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሲም ካርድ አውጡና ሞሞ ክፈቱ። ሞሞ ማለት የእነሱ ቴሌብር ነው፣ ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር ትቀበላለች። የአገሩ ብር ሴዲ ይባላል፣ ሳንቲሙ ፔሴዋ።

ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ጋና ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እናታችሁ ከቁርስ በኋላ ስትደውልላችሁ እናንተ ገና ተኝታችኋል። ከዚያ የባሰው ግን የአቆጣጠሩ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ርእሰ መምህሯ በእንግሊዝኛ "ነገ በሁለት ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ፣ እናስተዋውቅሃለን" አሉኝ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ "ሁለት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ማስታወሻውን አየሁና በጠዋት ሸሚዝ ተኩሼ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተገተርኩ። ስብሰባው ለካ ከምሳ በኋላ ነው። ስልካችሁ ላይ በእነሱ አቆጣጠር መዝግቡ፣ በቃ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሰላምታ ልመዱ። ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መጠየቅ እንደ እኛው አገር ብልግና ነው። ትዊ በሚባለው የአካኖች ቋንቋ ጠዋት "ማቺ"፣ ከሰዓት "ማሃ"፣ ማታ "ማጆ" ይባላል። ምስጋናው "መዳሲ" ነው። እንግሊዝኛ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ስለሆነ መግባባት አይቸግርም፣ ግን አንዲት መዳሲ ብዙ በር ትከፍታለች። እጅ ሲጨባበጡ በመጨረሻ የመሀል ጣቶቻቸውን አያይዘው "ቀጭ" ያደርጓታል። ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ፣ አሁንም አትጮህልኝም።

የግራ እጅ ጉዳይ ደግሞ የምር ነው። በግራ መስጠት፣ በግራ መቀበል፣ በግራ ማመልከት ስድብ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባሳቸው ላይ ሳላስበው ሒሳብ በግራዬ ስዘረጋ ሜቱ፣ ማለትም ወያላው፣ ገንዘቡን አይቶ ፊቱን አዞረ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ቀስ ብለው ብሩን ወደ ቀኝ እጄ አዛወሩልኝ፣ እንደ ልጅ። ከዚያ በኋላ ግራዬን ኪሴ ከትቼ መሄድ ጀመርኩ።

ትሮትሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላሳደገው ሰው አይከብደውም። ሲሞላ ይነሳል፣ "ተጠጋ" ይባላል፣ መልስ ይዘገያል። አክራ ውስጥ ሜቱ አመልካች ጣቱን ወደ ታች እያሽከረከረ ካለፈ የሚሄደው ወደ ሰርክል ነው። ሰርክል ማለት ክዋሜ ንክሩማ አደባባይ፣ ያው አፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልቱ የቆመለት ሰውዬ። ረጅም መንገድ ከሆነ በትልቁ አውቶብስ፣ በቀን ሂዱ። ከአክራ ታማሌ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ባውኩ አካባቢ ግን ግጭት ስላለ አትሂዱ።

"ያው" ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትዊ ተናጋሪዎቹ አካኖች ለልጅ በተወለደበት የሳምንቱ ቀን ስም ያወጡለታል። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ፣ ቅዳሜ የተወለደች ሴት አማ። የተወለዳችሁበትን ቀን አጣርታችሁ ሂዱ፣ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቋችኋል። እኔ ሐሙስ ነው የተወለድኩት። የሐሙስ ወንድ ምን ይባላል? ያው! ስድስት ወር ሙሉ ሰው "ያው!" ብሎ ሲጠራኝ "ያው ምን?" ልል እየዳዳኝ ኖርኩ።

ምግብ አይቸግራችሁም። ባንኩና ኬንኬ ከተቦካ የበቆሎ ሊጥ ነው የሚሠሩት፣ ኮምጠጥ ይላሉ፣ እንጀራ ላደገበት ምላስ ወዲያው ይስማማሉ። ሺቶ የሚሉት ጥቁር የበርበሬ ድልህ አለ፣ እሱን ስታገኙ አዋዜ አይናፍቃችሁም። ፉፉ ግን ትምህርት ይፈልጋል። ሲያዩት ገንፎ ነው። ካሳቫና ፕላንቴይን የሚባለው ትልቁ ሙዝ ተቀቅሎ በሙቀጫ ይወቀጣል። አንዱ ቆሞ በረጅሙ ዘነዘና ይወቅጣል፣ አንዷ ቁጭ ብላ በየምቱ መሀል እጇን ከትታ ታገላብጣለች። ጣቷ ተቀጠቀጠ ብዬ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሲቀርብ መሀሉ ተቀምጦ ዙሪያውን ሾርባ ይፈስበታል። በቀኝ ጣት ቆንጥሮ ሾርባ አስነክቶ መዋጥ ነው። ማኘክ የለም። እኔ አኘኩት፣ አፌ ውስጥ እንደ ማስቲካ ተንቦራቀቀ፣ ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። ሰው ሲበላ ከደረሳችሁ ደግሞ "ተጋብዘሃል" ይሏችኋል። ይሄ "እንብላ" ነው፣ መልሱን ታውቁታላችሁ።

መብራት ይጠፋል። "ዱምሶር" የሚል ስም ሁሉ አውጥተውለታል፣ ጠፋ በራ እንደማለት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትነኩ ከሆነ ኃይል መቆጣጠሪያ ሳይገዛ ጥገና አትጀምሩ። እኔ ሁለት ኮምፒውተሮችን ሁለት ሁለቴ ነው የጠገንኳቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለቅሶ ትጠራላችሁ፣ እንዳትቀሩ። ጥቁርና ቀይ ይለበሳል፣ ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ አለ። ያመጣችሁትን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ስማችሁና መጠኑ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። የእኛ እድር ጸሐፊ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን እያልኩ ነበር። ትንሽም ብትሆን ያዙ።

ዕረፍት ስታገኙ ወደ ባሕሩ ውረዱ። ኤልሚና ላይ ፖርቱጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ምሽግ አለ፣ ከኬፕ ኮስቱ ጋር በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል። ሰዎች እንደ ዕቃ ታጉረው መርከብ የጠበቁበት ክፍል ውስጥ አስጎብኚው መብራቱን ሲያጠፋው የሚሰማችሁን እኔ አልነግራችሁም። በዚያው ቀን ሌላ ነገር አታቅዱ። ውቅያኖሱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ሞገዱ ጎትቶ የሚወስድ ነው። ላንጋኖ ዋና የለመደ ሰው እዚያ ዋናተኛ አይደለም። ቮልታ ሐይቅም ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ የሚባለው ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ አለ።

ልትመለሱ ወር ሲቀራችሁ ሥራችሁን ማስረከብ ጀምሩ። እኔ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ቁጥር ሰጥቼ ምኑ እንደተበላሸ፣ ምን እንደቀየርኩ በአንድ ደብተር ጻፍኩ። ከመምህሩ ጋር አብረን ፈታን፣ አብረን ገጠምን። አሁን እሱ ነው የሚጠግነው፣ አልፎ አልፎ ፎቶ ልኮ "ያው፣ ይሄ ምንድነው?" ይለኛል።

እና አገር ገብታችሁ በሳምንታት ውስጥ፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ ዝንጅብል እየጠጣችሁ አትተኙ። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ከጋና መምጣታችሁን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፣ የወባ ምርመራም ራሳችሁ ጠይቁ።