ዑምራን የሚያጎድሉ ስህተቶች፦ ከቦሌ እስከ መርዋ

ለዑምራ (ከሐጅ ሌላ ለሚደረገው የመካ ጉብኝት) ብር ለማጠራቀም ዓመታት የሚፈጅበት ሰው ብዙ ነው። ሻንጣ ይገዛል፣ ዘመድ አዝማድ ይሰናበታል፣ ለቤተሰቡ ቀለብ ያስቀምጣል። አሠራሩን ግን አውሮፕላን ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይጠይቃል። ያም ሰው ከሌላ ሰው የሰማውን ይነግረዋል።

ዑምራ እኮ ረጅም ትምህርት የሚፈልግ ኢባዳ (አምልኮ) አይደለም። ኢሕራም (ወደ ዑምራው መግባት)፣ ጠዋፍ (ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞር)፣ ሰዕይ (በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ መሄድ)፣ ከዚያ ፀጉር መላጨት ወይም ማሳጠር ነው። ከሰፈር መስጂድ ኡስታዝ ጋር አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ መማር ይቻላል። ሳይማሩ ሲሄዱ የሚፈጠሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የሰው ሐቅ ይዞ መሄድ

ከአራቱ መድሃቦች (የእስልምና ሕግ መንገዶች) ዑምራ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ዘንድ በዕድሜ አንድ ጊዜ ግዴታ ነው። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ዘንድ የጠነከረ ሱና ነው (የሚወደድ እንጂ ግዴታ ያልሆነ)። ሁሉም ግን በአቅም ጉዳይ ይስማማሉ። አቅም የሌለው ሰው አይጠየቅም። ስለዚህ ተበድሮ መሄድ፣ ወይም ቀኑ የደረሰ ዕዳ እያለ አበዳሪውን ሳያስፈቅዱ መብረር ምን የሚሉት ነው?

ሌላም አለ። ከጉዞ በፊት «አፉ በሉኝ» የሚል መልእክት ስልክ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ይላካል። ጥሩ ነው። ነገር ግን በውርስ የተጣላነው ወንድም፣ ደሞዟን ያስቀረንባት የቤት ሠራተኛ፣ ድንበሩን የገፋንበት ጎረቤት በጅምላ መልእክት አፉ አይልም። እሱ ጋ በእግር ነው የሚኬደው፤ ሐቁም ይመለስለታል።

የማያውቁትን እቃ መሸከም

ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ የሰው ሕይወት ያበላሻልና። ጫት እኛ አገር በየመንገዱ ይሸጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። ደርቆ የተፈጨውም ያው ነው። ጎረቤት በመጨረሻው ምሽት በፌስታል የታሰረ በርበሬ ይዛ ትመጣለች፤ «ጅዳ ላለችው ልጄ አድርስልኝ» ትላለች። እምቢ ማለት ያሳፍራል። ቢሆንም ፌስታሉን ፊቷ ፈታችሁ፣ እጃችሁን ሰዳችሁ፣ እስከ ታች ድረስ ማየት አለባችሁ። እንዲፈታ የማይፈልግ ሰው እቃውን ይዞ ይመለስ። አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣው የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚቆመው ባለ ሻንጣው ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ያዙ። እንደ ትራማዶል ያሉ ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች እዚያ ቁጥጥር አለባቸው። የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባትም የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ቢጫ ካርዱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ሚቃትን ሳይነይቱ ማለፍ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይሄ ነው። ሚቃት የዑምራ ተጓዥ ሳይነይት (ዑምራውን በልቡ ሳያስብ) ማለፍ የሌለበት የተወሰነ ቦታ ነው። ኢሕራም ማለት ነጩ ጨርቅ የሚመስለው ሰው አለ። ጨርቁ ልብስ ነው፤ ኢሕራም ግን ዑምራ ውስጥ መግባትን መነየት ነው። ልብሱን ቤት ወይም ቦሌ መልበስ ይቻላል። ኒያው ደግሞ ከሚቃት ማለፍ የለበትም። ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው በረራ አጭር ነው። ምግብ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ አውሮፕላኑም ሚቃቱን አልፎ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የበረራ ሠራተኞቹ ያስታውቃሉ። ያንን ስትሰሙ፣ ወይም እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ ከፈራችሁ ቀደም ብላችሁ፣ «ለበይከላሁመ ዑምራ» በሉና ተልቢያውን («ለበይክ» እየተባለ የሚደጋገመውን) ቀጥሉ።

«ጅዳ ደርሼ ታጥቤ እለብሳለሁ» የሚለው አካሄድ አብዛኞቹ ዑለሞች የማይቀበሉት ነው። ሚቃቱን ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰና ከዚያው ከነየተ መካ ውስጥ በግ አርዶ ለድሆች ማከፋፈል ይጠበቅበታል።

የኢሕራሙ ጨርቅ ለጭነት በተሰጠው ሻንጣ ውስጥ ቀርቶ የሚደናገጥም አይጠፋም። ይሄም መፍትሔ አለው። ሸሚዙን አውልቆ በያዘው ጋቢ ወይም ፎጣ መጠቅለል ይችላል። የሚያሸርጠው ካጣ ሱሪውን እንደለበሰ ይነይታል፤ ሽርጥ ያላገኘ ሱሪ እንዲለብስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደዋልና። ሻንጣው ሲገኝ ይቀይራል። ጨርቅ የለኝም ብሎ ኒያውን ማዘግየት ነው ጥፋቱ።

ጉዞው መዲናን የሚያስቀድም ከሆነ እስከዚያ ድረስ ኢሕራም የለም። ወደ መካ ስትነሱ ከመዲና ወጣ ብሎ ካለው አብያር ዐሊ ትነይታላችሁ።

ሕመም ወይም ሌላ እንቅፋት የሚያሰጋው ሰው ሲነይት መስፈርት ማስገባት ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታማ ለነበረችው ለዱባዓ ቢንት ዙበይር ያስተማሩት ነው፦ የሚያግደኝ ነገር ካገደኝ ከኢሕራም የምወጣው ያገድከኝ ቦታ ላይ ነው። ሽማግሌ አባትና እናት ይዛችሁ የምትሄዱ ይህን አስጠኗቸው።

ሐይድ መጣ ብሎ መደበቅ

እህቶች በዚህ ብዙ ይቸገራሉ። አንዳንዷ ሐይድ (የወር አበባ) ላይ ስለሆነች ሳትነይት ሚቃቱን ታልፋለች። ሐይድ ግን ኢሕራምን አይከለክልም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ዙልሑለይፋ (አብያር ዐሊ) ላይ ወልዳ እንኳ ታጥባ እንድትነይት ነው የታዘዘችው። የሚከለከለው ጠዋፉ ነው። ለእናታችን ለዓኢሻ (ረ.ዐ)ም የተነገራት ይኸው ነው፤ ሐጃጁ የሚሠራውን ሁሉ ሥሪ፣ ከሐይድ እስክትጠሪ ድረስ ካዕባን ብቻ አትዙሪ።

ሌላዋ ደግሞ ከቡድኑ እንዳትለይ አፍራ ዝም ትልና ከሌሎቹ ጋር ጠዋፍ ታደርጋለች። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የቡድኑ መሪ ቀድሞ ካወቀ ፕሮግራሙን ያመቻቻል፤ እሷም በኢሕራሟ ላይ ሆና ትጠብቃለች። የማዘግያ ኪኒን መውሰድ የምትፈልግ ሐኪሟን ከአገር ሳትወጣ ታማክር።

ለሴት የተለየ የኢሕራም ቀለም የለም፤ ነጭ ግዴታ አይደለም። ኒቃብና ጓንት ግን በኢሕራም ላይ አይደረግም።

የተፈቀደውን መከልከል

«የተሰፋ አይለበስም» ሲባል በሰውነት ቅርጽ የተሰፋ፣ እንደ ሸሚዝና ሱሪ ያለው ማለት ነው። ጠርዙ የተሰፋ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ መነጽር፣ ነጠላ ጫማ ችግር የለባቸውም። ኢሕራሙን ማጠብም መቀየርም ይቻላል። ይልቅ ሳታውቁት የምትገቡበት ሽቶው ነው፤ ሽታ ያለው ሳሙና፣ እርጥብ ሶፍት፣ ሎሽን። ከቤት ስትወጡ ሽታ የሌለው ሳሙና ያዙ።

ጠዋፍን ግፊያ ማድረግ

ወንዶች ቀኝ ትከሻቸውን ከሚቃት ጀምሮ ገልጠው ይሰነብታሉ። ትከሻ የሚገለጠው ለጠዋፉ ብቻ ነው። ለሶላት ይሸፈናል።

ሐጀረል አስወድ (በካዕባ ማዕዘን ያለው ጥቁር ድንጋይ) ጋ ያለው ግፊያ ያሳዝናል። ክርን፣ ጩኸት፣ የወደቀች እናት። መሳሙ ሱና ነው፤ ሙስሊምን መጉዳት ግን ሐራም ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ድንጋዩን ሲስሙ «የማትጎዳም የማትጠቅምም ድንጋይ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ነቢዩ ሲስሙህ ባላይ ኖሮ አልስምህም ነበር» ብለዋል። ካልተመቻችሁ ከሩቅ በቀኝ እጃችሁ አመልክታችሁ «አላሁ አክበር» በሉና እለፉ። ትይዩውን አረንጓዴው መብራት ያሳያችኋል። እዚያ መቆም ከኋላ የሚመጣውን ሕዝብ ማገት ነው። የየመን ማዕዘን ከተቻለ በእጅ ይነካል፤ አይሳምም፣ ካልተደረሰበትም በእጅ አይጠቆምበትም።

ሒጅር ኢስማዒል ተብሎ የሚጠራውን ግማሽ ክብ አጥር በውስጡ ማቋረጥ ዙሩን ያበላሻል። ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ሐላል ገንዘብ አጥሯቸው ከግንቡ ውጪ የተዉት የካዕባው አካል እዚያ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለፈ ሰው ካዕባን ሙሉ አልዞረም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ወንዶች ፈጠን ብለው መራመዳቸው ሱና ነው። መነሻው በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ የተደረገው ዑምራ ነው። ቁረይሾች የየሥሪብ (የመዲና) ትኩሳት ያደከማቸው ሰዎች መጡ ብለው ስለነበር ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ጥንካሬያቸውን እንዲያሳዩ ታዘዙ። ቦታው ከተጨናነቀ ይቀራል። ሴቶች ላይ የለም።

ለየዙሩ የተለየ ዱዓ የያዘች ደብተር ተገዝቶ ከቃል ወደ ቃል እየተጎተተ ይነበባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለየዙሩ ዱዓ አልደነገጉም። በየመን ማዕዘንና በሐጀረል አስወድ መካከል «ረበና ኣቲና ፊዱንያ ሐሰነተን...» የሚለው ተዘግቧል። የቀረውን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በስልጥኛም ለምኑ። የልጃችሁን ስም ጠርታችሁ፣ በሽታችሁን ነግራችሁ። ስለ ዓረብኛው ሲጨነቅ ሐጃውን (ጉዳዩን) ሳይለምን ሰባቱን ዙር የጨረሰ ሰው ያሳዝነኛል።

ኢሞ ከፍቶ ካዕባን ለቤተሰብ እያሳዩ መዞርም እንዲሁ። ሰባት ዙር እስኪያልቅ ስልኩ ኪስ ውስጥ ቢቆይ ማንም አይቀየምም።

ቁጥር ከጠፋችሁ ትንሹን ያዙ። ኢቃማ (የጀማዓ ሶላት መጀመሪያ ጥሪ) ካለ ቆማችሁ ሰግዳችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ከጠዋፍ በኋላ የሚሰገደውን ሁለት ረከዓ መቃመ ኢብራሂም ጀርባ ካልተመቸ መስጂዱ ውስጥ የትም ስገዱ።

ሰዕይን አሥራ አራት ማድረግ

ከሶፋ ወደ መርዋ መሄድ አንድ ነው፤ ከመርዋ ወደ ሶፋ መመለስ ሁለት። ሰባተኛው መርዋ ላይ ያልቃል። ደርሶ መልሱን አንድ ብሎ የሚቆጥር ሰው መንገዱን እጥፍ ይሄዳል፤ ሰባቱ ብቻውን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእግር ሕመምተኛ ቀላል አይደለም። ሶፋ ላይ ሲደረስ ወደ ቂብላ ዞሮ መቆምና ረጅም ዱዓ ማድረግ ሱና ሆኖ ሳለ ሰው ነካ አድርጎት ይሮጣል። በሰዕዩ መንገድ ላይ ባሉት አረንጓዴ መብራቶች መካከል የሚሮጡት ወንዶች ናቸው።

ፀጉር ሳይቆረጥ መልበስ

መርዋ ላይ አንዱ መቀስ ይዞ ለሌላው ሦስት አራት ፀጉር ቆርጦ ሲያሰናብት ይታያል። ሻፊዒዮች ዘንድ ሦስት ፀጉር ዝቅተኛው ነው። ሌሎቹ መድሃቦች የበለጠ ይጠይቃሉ። እኔ ግን ለወንድ እስከዚያ ሄዶ ዝቅተኛውን መምረጥ አይታየኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሚላጩት ሦስት ጊዜ፣ ለሚያሳጥሩት አንድ ጊዜ ነው ዱዓ ያደረጉት። በመርዋ በኩል ወጣ ስትሉ ፀጉር ቤቶች አሉ። ሴት ከፀጉሯ ጫፍ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጣለች፤ ባዕድ ወንድ ባለበት ግን አትገልጥም።

ፀጉሩን ሳይቆርጥ ልብሱን የቀየረ ሰው ገና በኢሕራም ላይ ነው። ባስታወሰ ጊዜ ልብሱን አውልቆ ኢሕራሙን ይልበስና ይቁረጥ፤ በመካከል ስለሠራው ነገር ደግሞ ዓሊም ይጠይቅ።

በየቀኑ ተንዒም መመላለስ

ለአባቴ፣ ለአያቴ፣ ለአክስቴ እየተባለ አዲስ ዑምራ ለመነየት በየቀኑ ተንዒም ወዳለው ዓኢሻ መስጂድ ይኬዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወታቸው ያደረጉት አራት ዑምራ ነው። ለሌላ ሰው ማድረግ ይቻላል፤ መጀመሪያ የራስ መቅደም አለበት። ብዙ ዑለሞች ግን በታክሲ ከመመላለስ ካዕባ ዘንድ ጠዋፍ ማብዛትን ያስበልጣሉ። የረመዳን ዑምራም ምንዳው እንደ ሐጅ ነው ማለት የሐጅን ግዴታ ያወርዳል ማለት አይደለም።

ቀን ማሳለፍ

«አንዴ ከገባሁ ሥራ ፈልጌ እቀራለሁ» የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው አትስሙ። በዑምራ ቪዛ ሐጅ ማድረግም ክልክል ነው፤ ከሐጅ ወቅት በፊት የዑምራ ተጓዦች የሚወጡበት ቀን ይታወጃል። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ቅጣት፣ እስርና ወደ አገር መባረር ይጠብቀዋል። የቪዛችሁን የመጨረሻ ቀን ከወኪሉ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንድ ኮፒ ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ።