ቴስተሩ ላይ ሁሉም በርቷል፣ ኔቱ ግን አይሰራም

ከጥምቀት በፊት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ኔት አስቸግሮት ጠራኝ። የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ይገናኛል፣ ወዲያው ይቋረጣል። ሲሻለው ደግሞ ይንቀራፈፋል። ኬብሉን የዘረጋው ልጅ ቴስተሩን (የኬብል መፈተሻውን) ሰክቶ አሳየኝ። ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በየተራ በሩ። «ጋሼ፣ ኬብሉ ምንም አልሆነም፤ ራውተሩ ነው» አለኝ።

ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ብርቱካናማው ከነጭ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ከነጭ ሰማያዊ፣ ቡናማው ከነጭ ቡናማ ጎን ለጎን ተሰልፏል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ለዓይን ደስ ይላል። ጥፋቱ ግን እዚያው ላይ ነበር።

ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠማዝዘው ይሄዳሉ። የተጠማዘዙት በምክንያት ነው። ምልክቱ በጥንዱ ሁለት ሽቦዎች ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይጓዛል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ግን ሁለቱን እኩል ይነካል። ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ ረብሻው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ኮኔክተሩ (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) 8 ቦታ አለው፤ ጥንዶቹ 1ና 2፣ 3ና 6፣ 4ና 5፣ 7ና 8 ናቸው። ቀለሞቹን ጎን ለጎን ከደረደራችሁ 3 ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ ይገባል። እርስ በርስ ያልተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች አንድ ምልክት ይሸከማሉ ማለት ነው። ቴስተሩ የሚያየው ጅረቱ ከዳር እስከ ዳር መድረሱን ብቻ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም። አጭር ኬብል ላይ እንዲያውም ሊሰራ ይችላል፤ ረዘም ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው።

መፍትሄው ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ እንደገና መስራት ነው። የኮኔክተሩን መቀርቀሪያ ወደ ታች፣ ቀዳዳውን ወደ ራሳችሁ አድርጉና ከግራ ጀምሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ይህ ቲ568ቢ ይባላል። ቲ568ኤ የሚባለው ብርቱካናማና አረንጓዴ ጥንዶችን ያቀያይራል። ሁለቱም ይሰራሉ፤ በአንድ ቤት ግን አንዱን ብቻ ያዙ። ጥንዱን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት። የሆቴሉን ኬብል እንዲህ አድርገን መልሰን ሰራነው፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ አልተቋረጠም።

የፖርቱ (የኬብሉ መሰኪያ ቀዳዳ) መብራት ጭራሽ አይበራም

ብዙ ጊዜ አንዱ ሽቦ ኮኔክተሩ ጫፍ ድረስ አልደረሰም። ፊት ለፊት ስታዩት 8 የመዳብ ነጥቦች መታየት አለባቸው። የውጭ ልባሱም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ሲጎትቱት ይወልቃል። አንዴ በክሪምፐር (በመጨመቂያው ፒንሳ) የተጨመቀ ኮኔክተር ድጋሚ አይሰራም፣ ቆርጣችሁ አዲስ ግጠሙ።

ፍጥነቱ 1000 ሜጋ ሲጠበቅ 100 ላይ ቀረ

100 ሜጋ 4 ሽቦ ይበቃዋል፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6። 1000 ሜጋ ግን 8ቱንም ይፈልጋል። 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 ቢላላ ብዙ ጊዜ ኔቱ አይጠፋም፣ ፍጥነቱ ይወርዳል እንጂ። እዚህ ላይ ቴስተሩ በደንብ ይጠቅማል፤ የማይበራውን ቁጥር ይነግራችኋል።

ካሜራው ማታ ማታ ይጠፋል

የኤሌክትሪክ ኃይሉን በዚሁ ኬብል የሚያገኝ ካሜራ ከሆነ ሽቦውን ጠርጥሩ። ሲጨልም የካሜራው የማታ መብራት ስለሚበራ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከስር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ መዳቡ የተቀባ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ጅረትን ከመዳብ ያነሰ ያስተላልፋል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ይህን ኬብል በጭራሽ አትግዙ። ሱቅ ስትሄዱ የ305 ሜትሩን ካርቶን አንሱት፤ መዳቡ ከበድ ይላል። ርካሽ ኬብል ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ ከዓመት በኋላ ማስቆፈር ያሳዝነኛል።

ክረምት ሲገባ ኬብሉ ሞተ

የቤት ውስጥ ኬብል ጣሪያ ላይ ከተዘረጋ ፀሐይ ልባሱን ይሰነጥቀዋል፣ ሐምሌ ላይ ውሃ ይገባል። ለውጭ የተሰራውን ጥቁሩን ተጠቀሙ። የጎንደር መብረቅ ቀልድ አያውቅምና ከህንጻ ህንጻ ከሆነ ፋይበር (በብርሃን የሚሰራው ኬብል) ይሻላል። ርቀቱንም በኬብሉ መንገድ ለኩ፤ ከ100 ሜትር አይለፍ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ከቀዳዳው ዝቅ አድርጋችሁ አጉብጡትና ከታች ወደ ላይ አስገቡት። ያኔ ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ቤት አይገባም፣ ከጉብጠቱ ስር ይንጠባጠባል።