በሲ ቋንቋ ነጠላ ሊንክድ ሊስትን ከማያያዣው ተነስቶ መሥራት

ሲ ቋንቋን የሚማር ሰው አሬይን ከለመደ በኋላ ከሚገጥሙት ከበድ ያሉ ርእሶች አንዱ ሊንክድ ሊስት ነው፤ ይህም እያንዳንዱ ዋጋ ኖድ በሚባል ክፍል ተቀምጦ፣ ኖዱ የሚቀጥለውን ኖድ በፖይንተር የሚጠቁምበት ዝርዝር ነው። ፖይንተር ምን እንደሆነ በቃሉ ማስረዳት የሚችል ተማሪ እንኳ በሁለት ኖዶች መካከል ሦስተኛ አስገባ ሲባል ግራ ይጋባል። በእኔ እምነት ችግሩ የሚመነጨው ከአቀራረቡ ነው፤ አብዛኛው ማብራሪያ ትኩረቱን በኖዶቹ ላይ ያደርጋል፣ ሥራው ሁሉ የሚከናወነው ግን ኖዶቹን በሚያያይዙት ፖይንተሮች ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማያያዣውን እየተከተልን እንሄዳለን።

ሐሳቡ ከሲ ቋንቋ በዕድሜ ይቀድማል። አለን ኒዌል፣ ክሊፍ ሾው እና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 የሎጂክ ማረጋገጫዎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ሲሠሩ፣ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ማወቅ ስላልተቻለ፣ መረጃው እንደ አስፈላጊነቱ እየተቀጠለ የሚያድግበትን ዘዴ ፈጠሩ። ዛሬም ሊንክድ ሊስትን የምንመርጥበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። አሬይ ጎን ለጎን የተደረደረ ቦታ ስለሆነ በመካከሉ አንድ ነገር ለማስገባት ከዚያ ቦታ በኋላ ያሉትን ሁሉ መግፋት ያስፈልጋል፤ በሊንክድ ሊስት ግን የሚገባበት ቦታ ከታወቀ ሁለት ፖይንተሮችን ማስተካከል ይበቃል። በአንጻሩ በአሬይ መቶኛውን ዋጋ በአንድ እርምጃ ስናገኝ በሊንክድ ሊስት ከመጀመሪያው ኖድ ተነስተን አንድ በአንድ መራመድ አለብን።

ወደ ኮዱ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞች አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የሲ ቁልፍ ቃላት የላቲን ፊደል ይጠይቃሉ፤ የቫሪያብልና የፈንክሽን ስሞች ግን በግእዝ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። የጂሲሲ ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ስሞችን በቀጥታ ይቀበላል፤ ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቀበል ነበር። ከዚህ በታች የሚታዩት መስመሮች በዚህ መንገድ የተጻፉ ናቸው። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ በንባብ አንድ የሆኑ ፊደላት ለኮምፓይለሩ የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ቦታ «አዲስ» ብሎ በሌላ ቦታ «ዐዲስ» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎችን እንደ መጥራት ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ የመስመሩን መጨረሻ የሚያሳየው ምልክት የላቲኑ እንጂ የአማርኛው ድርብ ሰረዝ አይደለም፤ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ የሚጽፍ ሰው ይህን ስሕተት በተደጋጋሚ ይሠራል።

የኖዱ አወቃቀር

ኖድ የምንለው ሁለት አባላት ያሉት ስትራክት ነው። የመጀመሪያው አባል «ዋጋ» ሲሆን በምሳሌያችን ዓይነቱ ኢንት ነው። ሁለተኛው አባል «ቀጣይ» ሲሆን ወደ ሌላ ተመሳሳይ ኖድ የሚጠቁም ፖይንተር ነው። ስትራክቱ ራሱን በውስጡ ሊይዝ አይችልም፣ ምክንያቱም መጠኑ ማለቂያ ያጣል፤ ወደ ራሱ ዓይነት የሚጠቁም ፖይንተር ግን መጠኑ ምንጊዜም የታወቀ ስለሆነ መያዝ ይችላል። በተለመዱት ባለ64 ቢት ኮምፒውተሮች ኢንት 4 ባይት፣ ፖይንተር ደግሞ 8 ባይት ይይዛል፤ ሆኖም ፖይንተሩ በ8 በሚካፈል አድራሻ እንዲቀመጥ ኮምፓይለሩ 4 ባይት ባዶ ቦታ ስለሚያስገባ የኖዱ ጠቅላላ መጠን 16 ባይት ይሆናል። በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ፣ ጂሊብሲ፣ ያለው ማሎክ (ሜሞሪ የሚመድበው ፈንክሽን) ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መዝገብ ስለሚጨምር ይህ 16 ባይት በተግባር 32 ባይት ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች በአሬይ 4 ሜጋባይት ገደማ ሲይዙ በሊንክድ ሊስት 32 ሜጋባይት ገደማ ይይዛሉ ማለት ነው፤ ሊንክድ ሊስትን ከመምረጥ በፊት ይህን ማመዛዘን ይገባል።

ሊስቱ የሚጀምረው «ራስ» ብለን ከምንጠራው ፖይንተር ነው። «ራስ» ኖድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ኖድ የሚገኝበትን አድራሻ የሚይዝ ፖይንተር ብቻ ነው። ሊስቱ ባዶ ሲሆን ነል፣ ማለትም ወደ የትም እንደማይጠቁም የሚያሳይ ዋጋ፣ ይይዛል፦

ራስ = 0;

እዚህ ላይ ዜሮው ነልን ይተካል። ይህን መነሻ ዋጋ መስጠት የዘነጋ ሰው ያልታወቀ አድራሻ የያዘ ፖይንተር ይዞ ይጀምራል፤ ፕሮግራሙም አንዳንድ ቀን እየሠራ ሌላ ቀን ይወድቃል።

አዲስ ኖድ የሚፈጥረው ፈንክሽን ቦታውን ከማሎክ ይጠይቃል። የመጠኑን ስሌት በሳይዝኦፍ ስናደርግ ኮከብ ያለበትን «*አዲስ»ን መስጠት ይሻላል፤ ኮከቡን ረስተን «አዲስ»ን ብቻ ከሰጠን የፖይንተሩን 8 ባይት እንጂ የኖዱን 16 ባይት አንጠይቅም፣ ከዚያም ከተፈቀደልን ቦታ ውጭ መጻፍ እንጀምራለን። ማሎክ ቦታ ካጣ ነል ስለሚመልስ ውጤቱን ሳይመረምሩ መጠቀም አይገባም። ቦታው ከተገኘ በኋላ ሁለቱም አባላት ወዲያውኑ ይሞላሉ፣ ምክንያቱም ማሎክ የሚሰጠውን ሜሞሪ አያጸዳም፦

አዲስ->ዋጋ = ቁጥር;
አዲስ->ቀጣይ = 0;

ማስገባት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። በሲ ቋንቋ ፈንክሽን የሚደርሰው የተሰጠው ዋጋ ቅጂ ነው። «ራስ»ን እንዳለ ብንሰጠው ፈንክሽኑ ቅጂውን ይለውጣል፣ የጠሪው «ራስ» ግን እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ የምንሰጠው የ«ራስ»ን አድራሻ ነው፦

አስገባ(&ራስ, 7);

በፈንክሽኑ በኩል ይህን የሚቀበለውን ፓራሜትር «ማያያዣ» እንበለው፤ ዓይነቱ ሁለት ኮከብ ያለው፣ ማለትም የፖይንተር ፖይንተር ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚፈራው አጻጻፍ ቢሆንም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ፖይንተርን እንደ ቀስት ብናየው «ማያያዣ» የአንድን ቀስት መነሻ ቦታ ይነግረናል፣ «*ማያያዣ» ደግሞ ቀስቱ የሚያመለክተውን ኖድ ይሰጠናል። በሊስቱ መጀመሪያ ላይ ለማስገባት የሚያስፈልጉት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

አዲስ->ቀጣይ = *ማያያዣ;
*ማያያዣ = አዲስ;

ቅደም ተከተላቸው ሊገለበጥ አይችልም። ሁለተኛውን መስመር ካስቀደምን የቀድሞው የመጀመሪያ ኖድ አድራሻ በሌላ ቦታ ስላልተመዘገበ ከዚያ በኋላ ያለው ሊስት ሁሉ ይጠፋል፤ አዲሱም ኖድ ወደ ራሱ ስለሚጠቁም ሊስቱን የሚያነብ ሉፕ መቼም አያልቅም። ጀማሪ ሁሉ እነዚህን ሁለት መስመሮች በወረቀት ላይ ሣጥንና ቀስት እየሣለ አንድ ጊዜ በትክክል፣ አንድ ጊዜ በስሕተት ቢሠራቸው ከብዙ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ይጠቀማል።

በመጠን ቅደም ተከተል ማስገባት ብንፈልግስ? ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች አንድም ፊደል አይለወጥባቸውም። ከእነሱ በፊት «ማያያዣ»ን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚያራምድ የዋይል ሉፕ ብቻ እንጨምራለን። የሉፑ ቅድመ ሁኔታ ይህ ነው፦

*ማያያዣ && (*ማያያዣ)->ዋጋ < ቁጥር

በሉፑ ውስጥ ያለው መስመር ደግሞ ይህ ነው፦

ማያያዣ = &(*ማያያዣ)->ቀጣይ;

በቅድመ ሁኔታው የግራ ክፍል ኖድ መኖሩን ይጠይቃል፣ የቀኙ ክፍል ዋጋውን ያነባል። ሲ የግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙን ስለማይመለከት የሊስቱ መጨረሻ ላይ ስንደርስ በነል በኩል ለማንበብ አንሞክርም፤ ሁለቱን ማቀያየር ግን ፕሮግራሙን ይጥላል። ሉፑ ሲያበቃ «ማያያዣ» ወይ የ«ራስ»ን አድራሻ፣ ወይ በመካከል ያለ የአንድ «ቀጣይ»ን አድራሻ፣ ወይ የመጨረሻውን «ቀጣይ» አድራሻ ይዟል። ሦስቱም ለእኛ አንድ ናቸው። የቀኙን ክፍል ትተን የግራውን ብቻ ካስቀረን ደግሞ ያው ፈንክሽን በመጨረሻ ላይ የሚቀጥል ይሆናል።

መሰረዝ

የዚህ አቀራረብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በመሰረዝ ላይ ነው። በተለመደው መንገድ «የቀደመ» እና «የአሁን» የሚባሉ ሁለት ፖይንተሮች አብረው ይራመዳሉ፣ የሚሰረዘው የመጀመሪያው ኖድ ከሆነ ደግሞ የቀደመ ስለሌለው ለብቻው የኢፍ ቅርንጫፍ ይጻፍለታል። ያ ቅርንጫፍ የስሕተት መደበቂያ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2016 በቴድ መድረክ ላይ ስለ ጥሩ የኮድ አጻጻፍ ሲናገር ያቀረበው ምሳሌ ይኸው ነበር፤ የቀስቱን አድራሻ ከያዝን ልዩ ሁኔታው ራሱ ይጠፋል።

ሉፑ «*ማያያዣ» ነል እስኪሆን ድረስ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር የኖዱ ዋጋ ከተፈለገው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልገጠመ ከላይ እንዳየነው «ማያያዣ»ን እናራምዳለን፤ ከገጠመ ደግሞ እንዲህ እንጽፋለን፦

ተሰራዥ = *ማያያዣ;
*ማያያዣ = ተሰራዥ->ቀጣይ;

ከዚያም «ተሰራዥ»ን ሜሞሪን ለሚመልሰው ፈንክሽን ለፍሪ እንሰጣለን። ከፍሪ በኋላ በ«ተሰራዥ» በኩል ምንም ማንበብ አይፈቀድም፤ ሜሞሪው ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላልና፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የቀድሞው ዋጋ ሳይለወጥ ይገኛል፣ ይህም ስሕተቱን ለረጅም ጊዜ ይሸሽጋል። አንድ ዋጋ የያዙትን ኖዶች ሁሉ መሰረዝ ከተፈለገ፣ ከስረዛው በኋላ «ማያያዣ»ን ማራመድ አያስፈልግም፤ ቀስቱ ከወዲሁ ወደሚቀጥለው ኖድ ስለዞረ ብናራምደው አንድ ኖድ ሳንመረምር እናልፋለን። ተከታትለው የመጡ ሁለት እኩል ዋጋዎች ካሉ የፕሮግራሙ ስሕተት የሚታየው በዚህ ቦታ ነው።

ሊስቱን መገልበጥ ሦስት ፖይንተሮች ይፈልጋል። «የቀደመ» በነል፣ «የአሁን» በ«*ማያያዣ» ይጀምራሉ፤ «የአሁን» ነል እስኪሆን ድረስ ይህ ይደጋገማል፦

ቀሪ = የአሁን->ቀጣይ;
የአሁን->ቀጣይ = የቀደመ;
የቀደመ = የአሁን;
የአሁን = ቀሪ;

በመጨረሻ «የቀደመ» ለ«*ማያያዣ» ይሰጣል።

ሜሞሪውን መመለስና መፈተሽ

በማሎክ የተወሰደ ሁሉ በፍሪ መመለስ አለበት። ሊስቱን በሙሉ የሚለቀው ፈንክሽን የኖዱን «ቀጣይ» አስቀድሞ በሌላ ቫሪያብል ይይዛል፣ ከዚያ ኖዱን ይለቃል፣ ከዚያ ወደ ያዘው ይሻገራል፤ ሲጨርስም «*ማያያዣ»ን ነል ያደርጋል፣ አለዚያ የጠሪው «ራስ» ወደ ተለቀቀ ቦታ እየጠቆመ ይቀራል። ይህን ሥራ ፈንክሽኑ ራሱን እየጠራ እንዲሠራው ማድረግ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች የስታክ (ፈንክሽኖች ሲጠሩ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) መነሻ ወሰን 8 ሜጋባይት ስለሆነ ሚሊዮን ኖዶች ያሉት ሊስት ስታኩን ሊሞላውና ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችላል። ሉፕ መጠቀም ይሻላል።

እያንዳንዱ ፈንክሽን በባዶ ሊስት፣ በአንድ ኖድ ሊስት፣ በመጀመሪያው ኖድ፣ በመጨረሻው ኖድ፣ እንዲሁም በሊስቱ ውስጥ በሌለ ዋጋ መሞከር አለበት። ውጤቱ ትክክል ሆኖ መታተሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሜሞሪ ስሕተት ያለበት ፕሮግራምም ትክክለኛ ቁጥር ሊያትም ይችላልና። ስለዚህ ኮዱ የኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ በርተው ይጠናቀር፣ ከዚያም በአድሬስ ሳኒታይዘር ወይም በቫልግሪንድ ይፈተሽ። አድሬስ ሳኒታይዘር ከተለቀቀ ኖድ ማንበብንና አንድን ኖድ ሁለት ጊዜ መልቀቅን ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያል፤ ቫልግሪንድ ደግሞ ፕሮግራሙ እንደገና ሳይጠናቀር ያልተመለሰውን ሜሞሪ በባይት ቆጥሮ ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማስኬድ ስለማይቻል በሳኒታይዘር የተጠናቀረውን ፕሮግራም ለቫልግሪንድ መስጠት አይገባም፤ ለየብቻ ማጠናቀር ያስፈልጋል።