የወሊድ ፈቃድ ሲጠይቁ ይሉኝታን ቤት ይተዉት

ወሎ ላይ ሰው ሲወልድ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ቤቱ ይሞላል። መሥሪያ ቤት ግን እንደ ጎረቤት አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ለአለቃዬ ደወልኩና «ባለቤቴ ወለደች» አልኩት። «እንኳን ማርያም ማረችልህ!» ብሎ መረቀኝ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ወሩ ሲያልቅ የሦስት ቀን ደመወዝ «ቀሪ» ተብሎ ተቆርጧል። ምርቃት ፋይል ውስጥ አይገባማ።

ስለዚህ ፈቃድ በወረቀት ነው የሚጠየቅ።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚመለከታችሁ እወቁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ደሴ ያለ ሆቴልም፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ የውጭ ኩባንያም ከዚሁ አይወጣም። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች (አንቀጽ 88)። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ያገኛል (አንቀጽ 81)። አዎ፣ ሦስት ብቻ! የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ስለሆነ፣ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። የራሳችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

ቀጥሎ የሐኪም ወረቀት። እናት ለእርግዝና ክትትል የምትሄድባቸው ቀናትም ከደመወዝ ጋር ናቸው። አሠሪው ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከጤና ጣቢያው ወይም ከሆስፒታሉ ስትወጡ ማህተም ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ዋናው ግን መውለጃዋ መቼ እንደሚጠበቅ የሚገልጸው ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤና ጣቢያው «ሐምሌ» ብሎ ይጽፋል፣ የውጭ ኩባንያው ፐርሰኔል በፈረንጅ ቀን ይቆጥራል። ማመልከቻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። «ሐምሌ 1» ሲባል «ጁላይ 1» ብሎ የመዘገበ ሰው አይቻለሁ፤ ሳምንት ያህል የሚያዛባ ስህተት ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። «ቤተሰብ ስለበዛብኝ፣ ችግሬን ተረድታችሁ» የሚል ልመና አያስፈልግም። እኛ ወሎዬዎች ስንለምን እናምራለን፣ ይሄኛው ግን መብት ነው። እንዲህ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድን ይመለከታል። እኔ በስፌት ክፍል የምሠራ ሠራተኛ፣ በተያያዘው የሐኪም ማስረጃ መሠረት የመውለጃዬ ጊዜ በዚህ ቀን ስለሚጠበቅ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት የቅድመ ወሊድ ፈቃዴ ከዚህ ቀን ጀምሮ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብላችሁ ቀንና ፊርማ አስቀምጡ። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ይፈርምበት። «ችግር የለም፣ እንተዋወቃለን» ቢላችሁ ሳቁና እስክሪብቶውን አቀብሉት። የፈቃድ ደብዳቤው ሲሰጣችሁ ደግሞ ወደ ሥራ የምትመለሱበት ቀን ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ አስጽፉ። በኋላ የሚያጣላው እሱ ነው።

ሕፃን ቀጠሮ አያከብርም። 30ው ቀን ሳያልቅ ከተወለደ የድህረ ወሊዱ 90 ቀን ከዚያው ይጀምራል። 30ው አልቆ ገና ካልተወለደ እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች። በሁለቱም መንገድ የተወለደበትን ማስረጃ ቶሎ ላኩ። አራስ ተነሥታ አትሂድ፣ እህት ወይም ባል ያድርስላት።

አባቶች፣ የናንተን ሦስት ቀን በጥበብ ተጠቀሙበት። ማመልከቻውን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ቀኑን ብቻ ክፍት ተዉት። የጋብቻ ማስረጃ ኮፒም አዘጋጁ። ሦስቱ ቀን ሆስፒታል መመላለስ ላይ ያልቃል። በሰባተኛው ቀን አቂቃ የምታወጡ፣ ወይም በ40 እና በ80 ቀን ክርስትና የምታስነሡ፣ ለዚያ ከዓመት ፈቃዳችሁ ቀን አስተርፉ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። እናት ግን የሴት ልጇ 80ኛ ቀን ሳይቀር በ90ው ውስጥ ይወድቅላታል።

አሠሪው እምቢ ካለስ? መጀመሪያ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙው ሰው እዚች ላይ ይለሳለሳል፣ ምክንያቱም መፈረም አይፈልግም። ካልሆነ «ገቢ ሆኗል» የተባለበትን ኮፒ ይዛችሁ በከተማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ልጁ ትንሽ ይደግ» እያላችሁ አትቆዩ። እርጉዝ ስለሆነች ወይም ስለወለደች ማባረርም ክልክል ነው፤ ጥበቃው ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ይቆያል።

አንድ ሥራ ይቀራል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሆስፒታል የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ፣ እናት ሥራ ሳትመለስ ቀበሌ ብቅ በሉ።